የልቤ ሩጫ

ጽሕፈቴ ስለሚንጋደድ፣ ፊደልም ስለምገድፍ ይቅር በሉኝ። ደረቴን ያመኛል ስል አባቴ ደንግጦ ከመንደራችን ከገሱባ ወደ ሶዶ ሐኪም ቤት በበቅሎ ወሰደኝ። እዚያ ያለችው ነርስ የልብ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ፣ «ምነው ልጄ፣ ልብሽ ሰርቆ እንደሚሸሽ ሰው ይሮጣል!» አለች።

«ትድናለች?» አለ አባቴ።

«ቆይ አባባ። አንቺ፣ ትንፋሽሽን ቀስ አድርገሽ አውጪ።»

ማዳመጫውን የራሴ ጆሮ ላይ ሰካችልኝ። አየር ስስብ ልቤ ይፈጥናል፤ ቀስ ብዬ ሳወጣ ይረጋጋል! ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሳቄ አመለጠኝ።

«ዳነች!» ብሎ አባቴ የነርሷን እጅ ሳመ። እስከ ቤታችን እየዘመረ መለሰኝ።

ለማንም ያልነገርኩት፣ አላመመኝም ነበር። ጎረቤታችን ያወራልንን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ማድረግ አምሮኝ ነው። ልቤም የሮጠው ውሸቴ በቱቦው የሚሰማ መስሎኝ ነው።