አምስት ለአራት

በደርግ ዘመን፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት የቀረበ ጊዜ፣ ባሕር ዳር የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር። ጎረቤቴ የኔታ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ማታ ማታ እኔ ቤት እየመጡ፣ ድምፁን ቀንሰን የአሜሪካን ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ያሳስራል። የዚያን ቀን ብድግ አሉና፣ «የአሜሪካ ዳኞች በሕገ መንግሥታቸው ፍቺ ሲለያዩ የተሸነፉትም ሐሳብ አብሮ ይጻፋል። እኛ ትርጓሜ ስናስተምር ‹አንድም› ብለን ሌላውን ፍቺ እንደምናስከትለው ነው። በቀደም እንኳ ሰባት ለሁለት ተለያዩ» አሉ። ጋቢዬ ውስጥ ተሸሸግሁ። ሬዲዮው የኔ ነዋ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ኮስተር ብሎ ተነሣና፣ «ተሳስተዋል የኔታ፤ አምስት ለአራት ነው የተለያዩት» አለ።

ምን እንዳለ የገባው ካለ በኋላ ነው። ፊቱን ላብ አጠመቀው። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም፤ እኔማ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ። የኔታ ግን ጉባኤ ቤታቸው እንደተቀመጡ ሁሉ ረጋ ብለው፣ «አንድም አምስት ለአራት» አሉና ተቀመጡ።