ማክሰኞ ቴርሚን አለኝ

ከሥራ ስመለስ፣ ከፍራንክፈርት ወደ ሆኽስት በሚሄደው ባቡር ውስጥ እናትና ልጅ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር።

«አውስቢልዱንጉ፣ ሥልጠናው፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ማማ» አለች ልጅቱ። «ማክሰኞ ለቃለ መጠይቅ ቴርሚን አለኝ።»

«እግርሽን አታወዛውዢ። ለጸሎት ቡድኑ ሕግ ልትማር ነው ብያቸዋለሁ።»

«እስር ቤትም ሕግ ነው።»

«ጠባቂ ልትሆን ነው ልበላቸው?»

«በያቸው።»

«አባትሽ ሲታሰር ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ጠባቂዎቹ ወጡን በእንጨት እያማሰሉ ነበር የሚፈትሹት።»

«እዚህ ስንቅ የለም። መንግሥት ነው የሚያበላቸው።»

«ታዲያ ቤተሰብ ደህና መሆናቸውን በምን ያውቃል?»

«ይደውላሉ። አንቺስ በምን ታውቂ ነበር?»

«ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ነዋ። ሌሎቹ ከነቅባቱ ይወረውሩልኛል። አንዱ ጠባቂ ግን አጥቦ ነበር የሚያመጣልኝ። ‹በልቷል› ይለኛል።»

«ማን ይባላል?»

«አልጠየቅኩትም። ጠባቂ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላልኩትም።»

የልጅቱ እግር ወንበሬን ከኋላ መታ መታ አደረገው።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» አለች እናትየው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«አብሬሽ እመጣለሁ። እግርሽን ግን አታወዛውዢ።»

ጭኔ ላይ የነበረውን ባዶ ምሳ ዕቃዬን በሁለት እጄ ያዝኩት።