በቀይ ካርድ ከሜዳ የወጡት መምህርት

ክቡራን ለቀስተኞች፣ የእህታችንን ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ እርሳቸው ቢያዩኝ ቀጥ ብለህ ቁም ይሉኝ ነበርና እንደምንም ቀጥ ብያለሁ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ለመልእክት ሲላኩ ምራቅ ሳይደርቅ እየተመለሱ አደጉ። ከመምህራን ኮሌጅ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሲመረቁ፣ አባታችን ልጄ ዝላይ ተምራ መጣች እያሉ ቢቀልዱም፣ የመጀመሪያውን ቱታ የሰፉላቸው ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያም ሜዳው ኮረኮንች፣ ኳሱ ልጥፍ በልጥፍ በሆነበት ትምህርት ቤት፣ ሌላው መምህር ተስፋ የቆረጠባቸውን ልጆች ተረክበው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። ገሚሱ ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ ስለሚመጣ ሩጫውን ከምሳ በኋላ አደረጉት፤ ፊሽካውን ደግሞ ሁልጊዜ ለዋናው ተደባዳቢ ይሰጡ ነበር፤ ፊሽካ የያዘ እጅ ቡጢ አይጨብጥም ባይ ነበሩ። ዛሬ ያ ሜዳ ሣር ለብሷል፤ እኔን ግን አቧራውና የእርሳቸው የሻከረ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ቴስታ የሚባል ተማሪ በጠብ ብዛት ሊባረር ሲል፣ እህታችን ርእሰ መምህሩን ለምነው፣ ልጁ አንድ ጨዋታ ሲዳኝ አይተው እንዲወስኑ አግባቧቸው። በዕለቱ ኳሷ ከአግዳሚው ነጥራ መስመሩ ላይ ስታርፍ ልጁ ጎል አይደለም አለ፤ እህታችንም ትዕግሥታቸው አልቆ ገብታለች ብለው እየጮኹ ሜዳ ገቡ። ልጁም ለእርሱ ብቻቸውን ለቆሙለት ሰው ቀይ ካርድ አወጣ። ተማሪው ሁሉ አለቀለት ሲል፣ እርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ርእሰ መምህሩም ለወዳጁ ያላደላ ልጅ አይባረርም ብለው ወሰኑ።

ሩጫ ከማይወዱት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆችን አፈሩ፤ ባለቤታቸውንም በየማለዳው ከአልጋ እየጎተቱ አስሮጧቸው።

ጡረታ ወጥተው በልብ ሕመም ሲተኙ፣ ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የሆነው ቴስታ እየተመላለሰ ይጠይቃቸው ነበር፤ ክርክራቸውም ያችው ጎል ነበረች። ባለፈው ሳምንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይቶ፣ ኳሷ ገብታ ነበር አላቸው። እህታችን ግን ተቆጡ፤ ዳኛ በሐዘኔታ ውሳኔውን አይለውጥም ብለው ቃሉን እንዲያነሣ አደረጉት። በማግስቱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና የእኔ የሚሏቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እርሳቸው ዳኛ በሐዘኔታ አይፈርድም ቢሉም፣ እኛ ግን የሰማዩን ዳኛ ምሕረት ከመለመን አንቦዝንም፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን።