ሁለት ቅንድብ በአንድ ጠመንጃ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ዊላ ስኮግ
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ፖርት ኤልስበት፣ አላስካ፤ ከዓሣ ማቀዝቀዣው በላይ ሁለተኛው ሰማያዊ ቤት
ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19፤ ከቀኑ 9፡20
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ሮይስ ማካሊን
ምስክሯ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ አብረው የተገኙ፦ አክስቷ ሎርና ስኮግ
ጉዳዩ፦ ኦርቪል ስኮግ (71) እና ድዋይት ፔቲግሩ (69) እርስ በርስ ተደባድበው ፊታቸውን ስለመፈንከታቸው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ነኝ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ኦርቪል ስኮግ የአባቴ አባት ናቸው። ሌላው ድዋይት ፔቲግሩ የአያቴ የአርባ ዓመት ጓደኛ ሲሆኑ ጡረታ የወጡ የጀልባ መካኒክ ናቸው። ከሁለቱም ጋር ቂም የለኝም፤ ከአያቴ ጋር በአንድ ቤት ስለምኖር ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይኖረኛል ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱም ተጠርጣሪዎች ተደባድበናል ብለው ቃል መስጠታቸው ተነግሮኛል። አልተደባደቡም። ሁለቱንም የመታቸው ጠመንጃው ነው። ይህን ያወቅሁት እዚያው ቆሜ ስላየሁ ነው።

አያቴ የድብ አደን መሪ ናቸው። እስካለፈው ክረምት ይይዙት የነበረው ጠመንጃ አምስት ኪሎ ስለሚመዝን ጉልበታቸው ዳገት ላይ እንቢ ሲላቸው በኦገስት ወር አዲስ ገዙ። አዲሱ ሦስት ኪሎ አይሞላም። የሚጎርሰው ጥይት ግን ያው የድሮው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ነው። ጥይቱ ሳይቀንስ ጠመንጃው ብቻ ሲቀል ልዩነቱን የሚከፍለው ትከሻ መሆኑን ለትምህርት ቤት ልጆች በየዓመቱ የሚያስተምሩት ራሳቸው አያቴ ናቸው።

ጠመንጃው ሲገዛ ርግጫውን የሚቀንሱ ሁለት ነገሮች ነበሩት። አንደኛው ሰደፉ ጫፍ ላይ ያለ ወፍራም ጎማ ነው። ሁለተኛው አፈሙዙ ላይ የሚጠመድ፣ ጎንና ጎኑ የተበሳ ብረት ነው፤ የባሩዱን ጋዝ ወደ ጎን እያስወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ እንዳይራገጥ ይይዘዋል። አያቴ ጎማውን ነቅለው በቦታው ስስ ፕላስቲክ አደረጉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ትራስ የሚያስፈልገው ለሚተኛ ሰው ነው» አሉኝ። የአፈሙዙንም ብረት ፈቱት፤ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል አሉ። ጋሼ ድዋይት በቦታው ስለነበሩ፣ «ያንተ ጆሮ እንደሆነ በ1998 ነው የሞተው፤ ምን ቀረህ?» ብለዋቸዋል። የማነጣጠሪያውን መነጽር ደግሞ አያቴ ራሳቸው በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የዓይን መነጽራቸውን ሳያደርጉ ገጠሙት። በሁለት ጣት ያህል ወደ ዓይን ቀርቦ ነበር። ይህንንም ነግሬያቸው፣ «አንቺ ከመወለድሽ በፊት መነጽር እገጥም ነበር» ብለውኛል። እኔም ያን ጊዜ የገጠሙት መነጽር አሁን የት እንዳለ ጠየቅሁ።

ሁለቱ ተጠርጣሪዎች ለምን እንደሚዋሹ ለመረዳት በአዳኞች አዳራሽ ስለተሰቀለው ሰሌዳ መናገር ያስፈልጋል። ጠመንጃ በደንብ ያልያዘ ሰው ሲተኩስ መነጽሩ ወደ ኋላ መጥቶ ቅንድቡን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሰው ስሙ ከነቀኑ በሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ ሌላ ሰው ተቆርጦ እስኪተካውም ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ለአዳራሹ ሰው በሙሉ የዓሣ ሾርባ ይሠራል። ሰሌዳውን ያሠሩት አያቴና ጋሼ ድዋይት ናቸው። ጠመንጃ ማንንም አይመታም፤ ጠመንጃ መያዝ የማይችል ሰው ብቻ ነው ያለው የሚለውንም በላዩ ላይ ያስጻፉት እነሱ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ሃያ ሦስት ስም አለ። የሁለቱ የለበትም። የእኔ አለበት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስቆረጥ ደሜ ሳይደርቅ ስሜን የጻፉት አያቴ ሲሆኑ ሰባት ወር ሾርባ ሠርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችን ወደ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ሄድን። የፊታችን ዓርብ ከሌላ ግዛት አንድ አዳኝ ስለሚመጣ አያቴ ጠመንጃውን ማስተካከል ነበረባቸው። ቆመው ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስቱም ከዒላማው በታች መሬት ላይ አረፉ። አያቴ ነፋስ ነው አሉ። ከዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ቆሞ ነበር። ጋሼ ድዋይት ጭሱን፣ ቀጥሎም አያቴን አይተው፣ «ወደ ታች የሚነፍስ ነፋስ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

አያቴ ከቴርሞሳቸው ሊጠጡ ዞር ሲሉ ሦስት ጥይት እንዳጎርስላቸው አዘዙኝ። ከሦስቱ ሁለተኛውን ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አደረግሁት። ይህን ያደረግሁት በራሴ ሐሳብ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። ተኳሹ ርግጫውን አስቀድሞ እየፈራ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ዘዴውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ተተኮሰ፤ መሬት መታ። ሁለተኛው ላይ ምላጩን ሲስቡ ቀጭ ብሎ ቀረ። ጠመንጃው ምንም ሳያደርግ አያቴ ትከሻቸውን ወደፊት ወረወሩ፤ አፈሙዙ በስንዝር ወደ ታች ወረደ፤ ሁለት ዓይናቸውም ተጨፈነ። ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ በግልጽ አይቻለሁ።

ከዚያ ጋሼ ድዋይት ሳቁ። «ኦርቪል፣ ጠመንጃው ሳይናገር አንተ አለቀስክ እኮ!» አሉ።

«ዝንብ ዓይኔ ገባ።»

«በኦክቶበር?»

«የአላስካ ዝንብ ነዋ። አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ያጎረስሽኝ?»

ያጎረስኳቸውን ነገርኳቸው። አያቴ ጥይቱን አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ ኪሳቸው ከተቱት፤ አልጮሁብኝም። ከዚያ እንዴት እንደሚተኮስ ላሳያችሁ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ገላው ከርግጫው ጋር ወደ ኋላ ይሄድለታል፤ ተቀምጦ ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ሰው ግን መሄጃ ስለሌለው ሁሉንም ይቀበላል። አያቴ ተደፍተው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን ወደ መነጽሩ አስጠግተው ተኮሱ። መነጽሩ የቀኝ ቅንድባቸውን ቆረጠው።

ጋሼ ድዋይት፣ «ወዲህ በል፤ ነገሩ የአንገት አያያዝ ነው፤ ከእኔ ተማር» ብለው ጠመንጃውን ተቀበሉ። በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በዚያው አኳኋን ተደፉ። «ጋሼ፣ መነጽሩ ቀርቧል» ብያቸው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ሞተር ስፈታ አያትሽ ገና ብሎን አያውቅም» አሉኝ። ተኮሱ። መነጽሩ የእሳቸውንም የቀኝ ቅንድብ ቆረጠው። በሁለቱ ጉዳት መካከል አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ሁለቱም አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደማቸውን በአንድ መሐረብ እየተቀባበሉ ጠረጉ። ቀጥሎ የተነጋገሩትን ሰምቻለሁ፤ እንደሚከተለው ነው።

«ድዋይት፣ ምን ሆንን?»

«ተደባደብን።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ።»

«ታዲያ ማን ያምነናል?»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የፖስታ አመላላሿ ወይዘሮ ፐርል በመንገዱ ሲያልፉ አያቴ የጋሼ ድዋይትን ቁስል ለማየት ኮሌታቸውን ይዘው ነበር። ወይዘሮ ፐርል መኪናቸውን አቁመው፣ «ምን እየሆናችሁ ነው? በዚህ ዕድሜ?» አሉ። አያቴ፣ «መታሁት» አሉ። ጋሼ ድዋይት፣ «ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ፤ አበዛሁበትም» አሉ። ማን እንዳበዛ ሲከራከሩ ወይዘሮ ፐርል ለፖሊስ ደወሉ። እኔ ለመናገር ስሞክር አያቴ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ያን ጊዜ አንዱ ዓይናቸው ስላበጠ ግሣጼው ግማሽ ነበር፤ ቢሆንም ዝም ብያለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ እንደደረስን በድብደባ ጥፋተኛ የተባለ ሰው የአደን መሪነት ፈቃዱ እንደሚታገድ ሳጅን ሮይስ ለአያቴ ሲነግሯቸው ሰምቻለሁ። ዓርብ የሚመጣው አዳኝ ይመለሳል፤ የሚቀጥለውም ዓመት ይቀራል። ከአደን ሌላ የሚያውቁት ሥራ የላቸውም፤ በባዶ ቤት መቀመጥም አይችሉም፤ ሴት አያቴ በሞተችበት ክረምት አይተነዋል። ይህን ሁሉ እያወቁ ቃሌ ቃል ነው አሉ። ጋሼ ድዋይትም ወንድ ቃሉን አያጥፍም ብለው ደገፏቸው። ሁለቱ ሰዎች ስማቸው ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍ የፖሊስ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ መርጠዋል።

ማስረጃ ተጠይቄ የሚከተለውን ሰጥቻለሁ። ሁለቱም በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ናቸው። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን በቡጢ ሲመታ የሚያርፈው በተመቺው ግራ ዓይን በኩል ነው። የሁለቱም ቁስል በቀኝ ነው። የሁለቱም ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቡጢ ጨረቃ አይሠራም። በመነጽሩ ቀለበት ላይ ከደም ጋር ሁለት ዓይነት ፀጉር ተጣብቋል፤ አንዱ ሽበት፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ የጋሼ ድዋይት ነው። ጋሼ ድዋይት ቅንድባቸውን ቀለም እንደሚቀቡ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት ከተማው ማወቁን ነው። ስለ ጨረቃው ቅርጽ ለሳጅን ሮይስ ላስረዳ ስል እንደማያስፈልግ ነግረውኛል። ከሰሌዳው አሥራ አንደኛው ስም የሳጅን ሮይስ ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ገልጸውልኝ የነበረ ቢሆንም የማውቀውን ሁሉ እንድናገር ያዘዙኝ ራሳቸው ስለሆኑ እንዲጻፍልኝ አሳስቤ ተጽፏል።

የልምምዱን ጥይት ለምን እንዳጎረስኩ ተጠይቄያለሁ። ላዋርዳቸው አስቤ ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው። ዓርብ አያቴና እንግዳው ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ድብ ሲወጣ በአሥር እርምጃ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ጥይት የለም። ያን ጊዜ ዓይናቸው ከተጨፈነ ጥይቱ መሬት ይመታል። ይህን ፊት ለፊት ልነግራቸው ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በቤታችን «አባባ፣ ፈርተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተነግሮ አያውቅም። ደግሞም ፍርሃት አይደለም። ደጋግሞ የተመታ ትከሻ ባለቤቱን ሳያማክር ዓይንን ይዘጋል። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በተቆረጥኩ ማግስት፣ ማንም በሌለበት፣ ሰሌዳው ላይ ስሜን ከጻፉ በኋላ።

አያቴ ዓርብ ለመምራት ብቁ ናቸው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ በዚህ ጠመንጃ እንዳለ አይደሉም ብያለሁ። ጎማው ከተመለሰ፣ የአፈሙዙ ብረት ከነጆሮ መሸፈኛው ከተደረገ፣ መነጽሩ ወደፊት ከተገፋ፣ በቀን ከአምስት ጥይት ሳያልፉ ባሩዱ ከተቀነሰ ጥይት ጀምረው ከተለማመዱ ይደርሳሉ። አለዚያ የድሮው ከባዱ ጠመንጃ አለ። እሱን ዳገት ላይ እኔ ልሸከም እችላለሁ፤ ስንወርድ ግን እኔን እሳቸው ይሸከሙኛል።

የማውቀው ይህ ነው። አልጨመርኩም፤ ብጨምር ኖሮ ጋሼ ድዋይት ማልቀሳቸውን እጨምር ነበር።

የሰጠሁት ቃል ከዚህ በላይ እንደተጻፈው ጮክ ተብሎ ሲነበብልኝ ክፍሉን ከኮሪደሩ የሚለየው ስስ ጣውላ በመሆኑ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አያቴ ይሰሙ ነበር። ሁለት ዓይናቸው ተጨፈነ የሚለው ላይ ሲደረስ ጣውላውን መትተው፣ «አንዱን ብቻ ነው የጨፈንኩት!» አሉ። ሳጅን ሮይስ ማንበባቸውን አቁመው፣ «የቀረውስ፣ አቶ ስኮግ?» ብለው ጠየቁ። «የቀረውን አንብበው ጨርስ» አሉ አያቴ። ተነብቦ አለቀ። እኔ ሁለት ዓይን በሚለው ቃሌ እጸናለሁ።

በዚህ ቃል ውስጥ ያለው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ምስክር፦ ዊላ ስኮግ (ፊርማ)
አብረው የተገኙ፦ ሎርና ስኮግ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሮይስ ማካሊን (ፊርማ)

በተጠርጣሪው ጥያቄ የተጨመረ፦ በዓይን ብዛት ላይ ካለኝ ልዩነት በቀር ልጅቱ የተናገረችው ልክ ነው። ኦርቪል ስኮግ (ፊርማ)