የጋሽ ኮሌታ የአንገት ነገር

ልብስ ሰፊውን ጋሽ ኮሌታን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከመለያየታችን በፊት የኖሩትን ኑሮ በአጭሩ እናሰማችኋለን፤ ግራ የገባን ቦታ ላይ ስንደርስም ግራ እንደገባን እንናገራለን።

ጋሽ ኮሌታ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ፤ ኮሌታ ሲቆርጡ እጃቸው የማይስት በመሆኑም የወጣላቸው ስም ተረስቶ ደንበኛው ሁሉ በዚሁ ቅጽል ጠራቸው። ቁልፍ ሊያስተክሉ ከመጡ አስተማሪ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፤ ቁልፉ ግን፣ ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ እስከ ዛሬ አልተተከለም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገዛ ሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ ሲላቸው፣ ጥፋቱን የመቀሳቸው አድርገው ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ፈትተው ሰፋ አደረጉት፤ ያበጠው አንገታቸው መሆኑን ያዩት ባለቤታቸው ናቸው። ሐኪሙ እብጠቱ በታይሮይድ እጢ ላይ መሆኑን፣ ይህም እጢ በማንም ሰው አንገት ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ቢያስረዱም፣ ባለቤታቸው «እጢ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ሌላው ሁሉ አልሰማ አላቸው፤ ለእሳቸው እጢ ሰው የሚገድል እንጂ ሰው ይዞት የሚወለድ አልነበረም።

በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ለማለት አይቻልም የሚል ውጤት መጣ። ወረቀቱን ሦስት ቀን እየተቀባበልን አነበብነው፤ ነው ብለን እንዳናለቅስ አላረጋገጠ፣ አይደለም ብለን እንዳንስቅ አላስተባበለ። በመጨረሻ የታይሮይዱ ግማሽ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ሥጋው በስሱ ተቆራርጦ ሲመረመር ካንሰር አለመሆኑ ተረጋገጠ፤ ጋሽ ኮሌታም ወረቀቱን እያውለበለቡ ቤት ገቡ።

ማን ይመን! ባለቤታቸው «እሳቸው ሐኪሙን ዝም አሰኝተውት ነው» አሉ፤ ልጆቹ እናታቸው የደበቋቸው ነገር ያለ መሰላቸው፤ ጋሽ ኮሌታ ራሳቸውም ቤቱ በሹክሹክታ ሲሞላ ጊዜ፣ የተደበቀባቸው እሳቸው ይሆኑ እንዴ ብለው ሐኪሙን ደግመው ጠየቁ። መልሱ ያው ነበር። እኛ ግን ማንም ሳይቆጣቸው፣ ማንም ሳይከራከራቸው፣ እንደሚሞት ሰው እያባበልን ዘጠኝ ዓመት አኖርናቸው፤ «ኧረ ደህና ነኝ፣ እባካችሁ እንደ ሰው ተጣሉኝ!» እስኪሉ ድረስ። በዚህ እናፍራለን።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ልባቸው በድንገት ቆሞ ዐረፉ። ከአንገታቸው ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ሐኪሞቹ ነግረውናል፤ ይህን ለማመን አሁንም እየታገልን ነው።

ሁለት ሴት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ባለቤታቸውንም ትተዋል፤ እሳቸውም በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ያጠቡትን ወለል ጋሽ ኮሌታ በጫማቸው ስለረገጡባቸው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው እንደተቆጧቸው፣ ጋሽ ኮሌታም እየሳቁ እንደወጡ ነግረውናል፤ ይጸጸቱ ወይስ ይጽናኑ ግን አላወቁም። እኛም አናውቅም። ፈጣሪ ለእሳቸው ብርታቱን ይስጥልን፤ የጋሽ ኮሌታንም ነፍስ «ደህና ነኝ» ሲሉ በሚታመኑበት ስፍራ ያሳርፍልን።