መንገዱ ሲከፈት የደነገጠችው አንባቢ

ኢንተርኔት በተቋረጠበት፣ ከቡራዩ የሚያወጣውም መንገድ በድንጋይ በተዘጋበት ሰሞን ነው። የቆመ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ጓደኛዋን ታጣድፋለች።

«ምን ያህል ቀረህ?»

«አንድ ምዕራፍ። ዘንዶው ገና አሁን ነቃ።»

«ፍጠን በናትህ! ኔትወርክ ስለሌለ የፋንታሲ ልብ ወለድ ወዳጆች የዓመቱን ተሸላሚ መጽሐፍ ዛሬ በአካል ተገናኝተን ነው የምንመርጠው። ጨርሰው ያነበቡ ሁለት ሰዎች ካልጠቆሙት ይሄ መጽሐፍ ይወድቃል።»

«ጨርሻለሁ ብልስ?»

«እኛ ጋ ውሸት የለም! መጨረሻውን ይጠይቁሃል።»

አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ።

«ለመሆኑ ዘንዶው ይሞታል?»

«ኦቦ፣ መጨረሻ መናገር ነውር ነው።»

«እንግዲያው ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብልና!»

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። ወዲያው ከፊት ድንጋዩ ተነሣ፤ ተሳፋሪው «ተመስገን!» ሲል ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«ወይኔ! ሹፌር፣ ቀስ በልልኝ!» አለች ልጅቷ።

«ሰው ሁሉ መንገድ ይከፈት ሲል አንቺ ልትዘጊው ነው?» አሏት ሽማግሌው።

«አንቱስ የዘንዶውን ነገር ሳይሰሙ ሊወርዱ ነው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ሹፌር፣ ሱታ! ቀስ በል!»

እኔም መንገዱ እንዲከፈት ስደግም የቆየሁትን ዳዊት አጥፌ፣ ከፊታችን የከብት መንጋ እንዲያቋርጥ በልቤ ለመንኩ።