ያረጀውን የነፋስ ቁጥር ያረሙ መሐንዲስ

ለሽኝት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ታላቅ ወንድሜ ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። በሒሳብ ጉብዝናቸው የምሕንድስና ኮሌጅ ገብተው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ የረጃጅም ሕንፃዎችን ጥንካሬ በማስላት ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ፤ በዚያው መሥሪያ ቤት የተዋወቋቸውን ንድፍ አንሺ አግብተውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው አንድ ባለ ሃያ ስድስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲያሰሉ፣ የነፋሱን ፍጥነት ሁሉም እንደሚያደርገው ከቆየ የአየር ጠባይ መዝገብ ገልብጠው አስገቡ። ያኔ ስሕተት አልነበረም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ አውሎ ነፋሱ ከዓመት ዓመት እየበረታ መጥቶ የገበያ አዳራሹን ጣሪያ ገንጥሎ በወሰደ ሰሞን ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የድሮ ስሌታቸውን አውርደው በአዲሱ ነፋስ ደግመው አሰሉት፤ ሕንፃው እንደማይችለውም አወቁ። ዝም እንዲሉ የመከርኳቸው እኔ ነበርኩ። «ሰዎቹ የኔን ቁጥር አምነው ነው የሚተኙት» አሉኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። የሕንፃው ባለቤቶች ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ የለም ወይ እያሉ መለሷቸው፤ ነዋሪዎቹም «አቶ ነፋስ» የሚል ስም አወጡላቸው። ቢቸግራቸው «ካልተጠናከረ አብሬያችሁ ልውደቅ» ብለው የምድር ቤታቸውን ለቀው ከባለቤታቸው ጋር ሃያ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ተከራይተው ገቡ። ያን ጊዜ ሰው ማመን ጀመረ። ከዓምድ ዓምድ የተጋደመ ብረት ታሰረ፤ ጣሪያው ላይም፣ ሕንፃው ወዲህ ሲያዘነብል ውኃው ዘግይቶ ወዲያ እየሄደ ውዝዋዜውን የሚያበርድ ትልቅ ገንዳ ተሠራ። ለሥራው አሳንሰሩ በቆመባቸው ወራት ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ የከረሙት ወንድሜ ልባቸው ደከመ፤ ሆስፒታል ገቡ።

ባለፈው ሳምንት ያ የፈሩት አውሎ ነፋስ ከቀትር እስከ ምሽት ሕንፃውን ሲንጠው ዋለ። መስታወት ረገፈ፤ ሰው ግን አልተጎዳም። አንዷ ልጃቸው ሆስፒታል ሄዳ ስትነግራቸው ደስታ አላሳዩም፤ ስንት መስኮት እንደተሰበረ ጠይቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ታናሻቸውን፣ እንዲሁም ብረቱ መስኮታችንን ጋረደብን እያሉ ዛሬም የሚያማርሩ አንድ መቶ ሦስት ቤተሰቦችን በሕይወት ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በጊዜው ስላላመንናቸውም ይቅር ይበለን።